አዲሱ ነርስ ስምዎን ደጋግሞ የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ ወይም በባጃጅ ታማሚ ይዞ ጤና ጣቢያ የሚደርስ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ ነርስ ነው። ነርሱ ደግሞ በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ የተመደበ፣ አልያም ገና ለተግባር ልምምድ የመጣ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ "ዶክተር" ብሎ መጥራት በተለመደበት አካባቢ ማን ተማሪ፣ ማን ነባር እንደሆነ መለየት ይከብዳል። በመሆኑም ወጣቱ ነርስ ስም ደጋግሞ ሲጠይቅ፣ ካርድ ሲያገላብጥ፣ መድኃኒቱን እንደያዘ ወደ ነባር ባልደረባው ሲመለስ "ይህ ልጅ ሥራውን አያውቅም እንዴ?" የሚል ጥርጣሬ በአስታማሚው ልብ ያድራል። ሊያስጠረጥር የሚገባው ግን ምንም ሳይጠይቅ የሚወጋው ነው።

ነርሶች በትምህርት ቤት መድኃኒት ከመስጠት በፊት የሚጣሩ አምስት ነጥቦችን ይማራሉ፤ ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድ እና ትክክለኛው ሰዓት። በክፍል ውስጥ ሲሸመደዱ ቀላል ይመስላሉ። የሚከብዱት አልጋው ሁሉ በተያዘበት የሌሊት ፈረቃ፣ አንዱ ሲጣራ ሌላው ሲያቃስት ነው።

ከአምስቱ መካከል በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የመጀመሪያው ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ከበደ፣ ሦስት ሙሉ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም፤ አንዳንዴ የአባት ስምም ይገጥማል። በካርድ ላይ በአንድ ስም የተመዘገቡ እናት በቤተሰባቸው ዘንድ የሚታወቁት በሌላ ስም ሊሆን ይችላል። ይሉኝታም አለ። "እማማ፣ ሙሉ ነዎት?" ተብለው የተጠየቁ አዛውንት ጥያቄውን በቅጡ ባይሰሙትም "አዎ ልጄ" ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ ነርስ ስሙን ራሱ ጠርቶ "ነዎት ወይ?" አይልም፤ "ስምዎን ከነአባትዎና ከነአያትዎ ይንገሩኝ" ብሎ የሰማውን ከካርዱ ጋር ያመሳክራል። ከጠዋት እስከ ማታ ይህንኑ መስማት ያሰለቻል። ቢያሰለችም መደገም አለበት።

የመጠን ጉዳይ በሕፃናት ላይ ይበልጥ ይከፋል። በጤና ተቋማት በስፋት ከሚሠራባቸው የጄንታማይሲን መርፌዎች አንዱ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል። ለአንድ አራስ 16 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ የሚቀዳው 0.4 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሙሉውን የሰጠ ሰው የታዘዘውን አምስት እጥፍ ሰጠ ማለት ነው፤ ይህ መድኃኒት ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ይጎዳል። ስሌቱን ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ሠርተው ውጤቱን እንዲያስተያዩ የሚመከረውም፣ እናት "ባለፈው ሳምንት ተመዝኗል" ብትል እንኳ ሕፃኑ እንደገና ሚዛን ላይ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

እንደ ውኃ ጠርተው እርስ በርስ የሚመሳሰሉ መድኃኒቶችም አሉ። ፖታሲየም ክሎራይድ በሚገባ ተበርዞ፣ በዝግታ ሲሰጥ ሕይወት ያድናል፤ ሳይበረዝ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከተገፋ ግን ልብን ያቆማል። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከመደርደሪያው ሲያነሱ፣ ሲቀዱ፣ ከዚያም ከመስጠታቸው በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ የነርሶች ልማድ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ጽሑፉ ሳይነበብ ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት በተመለከተ በዓለም ዙሪያ ነርሶችን ያነጋገረ አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ በ2017 በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ አንዲት ነርስ ለምርመራ የተዘጋጁ ታካሚን የሚያረጋጋ መድኃኒት ልትሰጥ ስትል፣ ስሙ በተመሳሳይ ሁለት ፊደላት የሚጀምር፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ ሌላ መድኃኒት ሰጠች፤ ታካሚዋም ሕይወታቸው አለፈ። ነርሷ ስህተቷን ወዲያውኑ ብታምንም በ2022 በወንጀል ጥፋተኛ ተብላ የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነባት። ፍርዱ ብዙ ነርሶችን አስደነገጠ። ክርክራቸው "ጥፋት አይጠየቅበት" የሚል አልነበረም፤ የተናገረ ሰው የሚታሰር ከሆነ ሌላው ስህተቱን ይደብቃል የሚል እንጂ። ይህ ስጋት ለእኛም ሩቅ አይደለም። የተሳሳተ መድኃኒት መሰጠቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከታወቀ ሐኪሙ ብዙ ሊያደርግ ይችላል። ቁጣን ፈርቶ እስከ ርክክብ ሰዓት ዝም ያለ ጀማሪ ግን ታካሚውን የመዳኛ ጊዜ ያሳጣዋል። አዲስ ነርስ በተሳሳተ ቁጥር በሰው ፊት የሚያዋርድ ኃላፊ ክፍሉን ከስህተት የጠበቀ ይመስለዋል፤ በተግባር የሚያስተምረው መደበቅን ነው።

ነርሱ ራሱንም መጠበቅ አለበት። በጀማሪዎች ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች አንዱ በተሠራበት መርፌ መወጋት ሲሆን፣ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው መርፌውን መልሶ ለመክደን ሲሞከር ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ የተሠራበት መርፌ አይከደንም፣ በቀጥታ ወደ ቢጫው የስለታም ቆሻሻ ሳጥን ይገባል፤ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። የተወጋ ሰው ቦታውን ሳይጨምቅ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይኖርበታል። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በቶሎ፣ ቢዘገይ ግን 72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። በዚህ መንገድ ከኤችአይቪ ይልቅ የጉበት በሽታ አምጪው ሄፓታይተስ ቢ በቀላሉ እንደሚተላለፍ ብዙዎች አያስተውሉትም። ክትባት አለው፤ ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ተኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት መከተብ ይገባቸዋል። አስታማሚዎችም አልጋ ሥር የወደቀ መርፌ ቢያዩ በእጃቸው ከማንሳት ይልቅ ለነርሱ ይንገሩ።

ተማሪ ነርስ ያለ ተቆጣጣሪው መርፌ መስጠት የለበትም። ታካሚም "ተማሪ ነህ? ኃላፊህ የት አለ?" ብሎ በትሕትና የመጠየቅ መብት አለው። ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ የሚቆጥር ባለሙያ ሊኖር አይገባም። በሌላ በኩል ታካሚዎች ተማሪን ጨርሶ አናስነካም የሚሉ ከሆነ ነገ በዚያው ጤና ጣቢያ የሚያገለግል የበሰለ ነርስ አይገኝም።

የቀረው ሰዓት ነው። በሕክምና ካርድ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር 8፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት የዘነጋ ጀማሪ መድኃኒቱን ከቀትር በኋላ ሊሰጥ ይችላል። ወደ ቤት የሚመለሰው ታካሚም "በየ8 ሰዓቱ" የተባለውን "በ8 ሰዓት" ብሎ ሰምቶ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ነግሮ መሸኘት አይበቃም። "ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት" ብሎ መዘርዘር፣ ሰዓት ለሌለውም ከፀሐይ መውጣትና ከመኝታ ጋር አያይዞ መንገር ያስፈልጋል። ታካሚው ጿሚ ከሆነ ከምግብ ጋር የሚወሰደውን መድኃኒት መቼ እንደሚወስድ፣ በቤት ውስጥ የሚጠጣው የባህል መድኃኒት ካለም ምን እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ካልተጠየቁ የማይናገሩት ይበዛሉና። ከዚያም ነርሱ "እስቲ አሁን እንዴት እንደሚወስዱት እርስዎ ይንገሩኝ" ይላል። መልሱ ከተዛባ ቤተሰቡ የጤና ጣቢያውን በር ከመውጣቱ በፊት በሌላ አነጋገር እንደገና ያስረዳል።