ተባይ የሚፈራው ነጭ አበባ

ወደ ቆላ አገር ለሥራ የተላከ ወጣት ሹም በመጀመሪያው ሌሊት ከሚተዋወቃቸው ነገሮች አንዱ በአልጋው አጠገብ የሚጨሰው ጥቅልል ነው። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠመዘዘውን አረንጓዴ ነገር የሆቴሉ አሳላፊ በቆርቆሮ ላይ አቁሞ፣ ጫፉን በክብሪት ለኩሶለት ይሄዳል። እንግዳውም ጢሱ እየሸተተው ይተኛል፤ ትንኟም ከጆሮው ሥር መዝፈኗን ትተዋለች። ጥቅልሉ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው የዚህ ጥቅልል አባት አንድ አበባ መሆኑን፣ ይኸውም አበባ ተዘርቶና ታርሞ፣ ተለቅሞና ደርቆ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ለወጣት አንባቢዎቻችን ለመግለጽ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አበባው ፒሬትረም ይባላል። ዘመዶቹን አንባቢያችን አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ የመስከረሙ አደይ አበባ፣ ዘይት የምንጨምቅባቸው ኑግና ሱፍ፣ በየጓሮው የሚበቅለው አሪቲ፣ ሁሉም ከእርሱ ጋር የአንድ ወገን ናቸው። የዚህ ወገን ልዩ ምልክቱ አንድ አበባ መስሎ የሚታየው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ መሆኑ ነው። በፒሬትረም ላይ ነጫጮቹ ዳር ዳሩን ይከቡታል፤ ብጫዎቹ መካከሉን ይሞሉታል። ቁመቱ ከሰው ጉልበት እምብዛም አያልፍም፤ ቅጠሉም አመድ የተነሰነሰበት የመሰለ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው። አንድ ጊዜ ከተተከለ በየዓመቱ እያቈጠቈጠ ይኖራል። ሲያዩት የሚያምር እንጂ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

መርዙ የሚገኘው ከብጫዎቹ አበቦች ሥር በሚያድሩት ጥቃቅን ፍሬዎች ውስጥ ነው። ፒሬትሪን ተብሎ ከሚጠራው ከዚህ መርዝ ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው በእነዚሁ ፍሬዎች ተደብቆ ይኖራል። ትንኝ፣ ዝንብ፣ ቁንጫ ወይም ቱኋን ሲነካው ነርቩን ይይዘዋል፤ ነርቩ የጀመረውን መልእክት ማቆም ስለማይችል ተባዩ ተንቀጥቅጦ ይወድቃል። በሰውና በከብት ገላ ውስጥ ግን ቶሎ ስለሚፈራርስ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው። የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘውም በሰዓታት ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ይህ ማለት ግን ለሁሉ የዋህ ነው ማለት አይደለም፤ ዓሣንና ንብን ይፈጃል። ስለዚህ የንብ ቀፎ ባለበትና ምንጭ በሚፈስበት አጠገብ የሚረጭ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

የአበባው የትውልድ አገር ዛሬ የክሮኤሽያ ክፍል የሆነው የዳልማሽያ ጠረፍ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን ሲዞር በጃፓን ያገኘው ዕድል ግን ከሁሉ ይበልጣል። ኤይቺሮ ኡዬያማ የተባለ ጃፓናዊ ነጋዴ ዘሩን በ1886 ዓ.ም. ከአንድ አሜሪካዊ አገኘና በአገሩ አስፋፋው። በ1890 ዓ.ም. ዱቄቱን ከሌላ ነገር ጋር ለውሶ እንደ ዕጣን የሚጨስ ቀጭን በትር ሠራ። በትሩ ግን ከ40 ደቂቃ በላይ አይቆይም ነበር፤ ትንኝ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንጂ ለ40 ደቂቃ ብቻ አትመጣም። መላውን ያገኘችው ሚስቱ ዩኪ ናት። እባብ ተጠምጥሞ አይታ «በትሩን ለምን አትጠመዝዘውም?» አለችው ይባላል። በዚሁ ምክር ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ የተሸጠው ጥቅልል ወደ 7 ሰዓት ያህል የሚነድ ሆነ። የባልየው ስም በየመጽሐፉ ሲጻፍ የሚስቲቱ ስም በጥቂቱ ብቻ መነሣቱ እኛን ደስ አላሰኘንም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓንን ገበያ በዘጋ ጊዜ ተራው የጎረቤታችን የኬንያ ሆነ። በዚያ አገር አበባው መተከል የጀመረው በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ከነፃነት በኋላ ከነጮቹ ሰፋፊ እርሻ ወደ ጥቃቅን ገበሬዎች ማሳ ተሸጋገረ። በናኩሩና በሞሎ፣ በኒያንዳሩዋና በኪሲ ደጋዎች ላይ ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ያስተማረው በዚህ አበባ ገንዘብ ነው። ከዓለም ምርት ከግማሽ በጣም የሚበልጠው ከኬንያ የወጣበት ዘመን ነበር።

አተካከሉን እንመልከት። ፒሬትረም የደጋ ልጅ ነው። በኬንያ የሚያምርበት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር ጀምሮ ባለው አገር ነው። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ቅጠሉን ብቻ ያበዛል እንጂ አያብብም፤ ቆላ ያወረደው ሰው ያማረ ቁጥቋጦ ያገኛል፣ ገንዘብ ግን አያገኝም። ሁለተኛው ጠላቱ ሥሩ ላይ የሚተኛ ውሃ ነው። ስለዚህ መሬቱ ውሃ የሚያሳልፍ እንዲሆን፣ ችግኙም ከፍ ባለ ትልም ላይ እንዲቆም ያስፈልጋል። በትልሞቹ መካከል 60 ሳንቲሜትር፣ በችግኞቹ መካከል 30 ሳንቲሜትር ያህል ይተዋል።

ማራቢያው ሁለት ነው። አንዱ ዘሩን በመደብ ላይ ዘርቶ፣ በሣር ጥላ ሸፍኖ፣ ሦስትና አራት ወር አሳድጎ ማዛወር ነው። ነገር ግን ይህ አበባ በራሱ ብናኝ መዳቀል የማይወድ ስለ ሆነ ከዘር የበቀሉት ልጆች እናታቸውን አይመስሉም፤ አንዱ መርዘኛ፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ በብዙ የሚያብበውንና መርዙ የበረታውን እናት ተክል መርጦ፣ የጠጅ ሣር እንደሚገነጠል ከሥሩ እየገነጠለ ይተክለዋል። እንዲህ የተተከለው እናቱን ይመስላል። ግንጣዩ ሥሩ ጤናማ መሆኑን መመርመር ያሻል፤ በዓይን የማይታዩ ትሎች ሥሩን አሳብጠውት ከተገኘ ያን ተክል ማቃጠል ይሻላል። በዚያው መሬት ላይ መልሶ መላልሶ መትከልም እነዚህኑ ትሎች መቀለብ ነው። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ምርቱ ስለሚቀንስ ነቅሎ ማሳውን ለሌላ እህል መልቀቅ የተለመደ ነው።

ማረሙና መኰትኰቱ እንደማንኛውም ተክል ነውና በእርሱ ላይ አንዘገይም። ሰው የሚሳሳተው በለቀማው ላይ ነው። አበባው ገና እምቡጥ ሳለ ቢቀጠፍ ፍሬው መርዙን አልያዘም፤ አርጅቶ ነጮቹ ቅጠሎች ሲረግፉ ቢቀጠፍ ደግሞ ሚዛኑ ይቀንሳል። ትክክለኛው ጊዜ ነጮቹ በአግድም ተዘርግተው፣ ከብጫዎቹ ከሦስት ሁለቱ እጅ ያህል ሲፈኩ ነው። ይህ ሁሉ አበባ በአንድ ቀን ስለማይደርስ፣ ለቃሚዋ (ለቃሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው) በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ወደዚያው ማሳ ትመለሳለች። ግንዱን ሳታስከትል ጭንቅላቱን ብቻ ትቀነጥሳለች። ጤዛ ሳይደርቅ አትለቅምም። ቅርጫቱንም ጠቅጥቃ አትሞላም፤ የተጠቀጠቀ አበባ ይግላል፣ ከጋለም ይበሰብሳል። የተለቀመው በዚያው ቀን በሰሌን ላይ ሳስቶ ይሰጣል፣ እየተገለባበጠም ይደርቃል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ አበባ ደርቆ 1 ኪሎ ይወጣዋል። ከዚያ ከደረቀው ውስጥ ደግሞ ፒሬትሪኑ ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ቢሆን ነው። ገበሬው የሚከፈለውም በዚህ በመጨረሻው መጠን ነው፤ በለቀማ አንድ ሳምንት የተሳሳተ ሰው ቅጣቱን ከሚዛኑ ላይ ያገኘዋል።

እንዲህ ያለ ድካም የሚጠይቅ ተክል የሚቆመው ክፍያው በጊዜው ሲደርስ ነው። በኬንያ አበባውን የሚገዛው አንድ የመንግሥት ቦርድ ብቻ ነበር። ቦርዱ ዕዳ ውስጥ በገባ ጊዜ የገበሬው ገንዘብ በመጀመሪያ ለወራት፣ በኋላም ለዓመታት ዘገየ። ገበሬውም አቤቱታ ማቅረብ ሲሰለቸው ቆፈሮውን አነሣና አበባውን ነቅሎ ድንችና በቆሎ ተከለ። ፒሬትረም ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚሸጥ አይደለምና፣ አንዴ የተነቀለው ቶሎ አልተመለሰም። በዚህ መካከል በአውስትራልያ የምትገኘው የታስማንያ ደሴት አበባውን በዓመት አንድ ጊዜ በመኪና እያጨደች የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘች። በ2013 ዓ.ም. የወጣ ሕግ በኬንያ ለግል ገዢዎች በር ከፍቷል። ወጣት ሹሞች ይህን ታሪክ ሲያነቡ ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ አበባውን የገደለው ድርቅም በሽታም ሳይሆን በጊዜው ያልተፈረመ የክፍያ ወረቀት መሆኑን ነው።

በሩዋንዳ የሆነውም ሊነሣ ይገባዋል። በ1969 ዓ.ም. የተራራ ጎሪላዎች ከሚኖሩበት የእሳተ ገሞራ ብሔራዊ ፓርክ ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ ደን ተቈርሶ ለዚህ አበባ ተሰጠ። ከአውሬው ጫካ ከተወሰደው መሬት አብዛኛው አልተመለሰም፤ በዚያው አካባቢ አበባው ዛሬም ይለቀማል።

ሊቃውንት የአበባውን መርዝ በፋብሪካ ለመሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሽታውዲንገርና ሩዚችካ የተባሉት ሊቃውንት በ1924 ዓ.ም. የፒሬትሪንን አሠራር አሳተሙ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ማይክል ኤሊየትና ጓደኞቹ ፀሐይ የማታሸንፈውን ፐርሜትሪንን ገለጹ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ጥቅልል በአብዛኛው፣ በአገራችን በየቀበሌው የታደለው መድኃኒት የተነከረ አጎበርም እንዲሁ፣ የዚህ የሰው ሠራሽ ዘር ልጅ ነው። ነገር ግን ትንኟም ትማራለች። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ እነዚህን መድኃኒቶች መቋቋሟ ተረጋግጧል። በ2016 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው፣ በከተማ መኖርን የምትወደው የእስያ ትንኝም እንዲሁ ናት። ስለዚህ በአዳዲሶቹ አጎበሮች ላይ የትንኟን መከላከያ የሚሰብር ሌላ መድኃኒት እየተጨመረ ነው።

ይህን አንብቦ ጥቂት ችግኝ በቤቱ ደጃፍ ለመትከል የሚመኝ እንደማይጠፋ እንገምታለን። የአዲስ አበባ ብርድ ለአበባው የተመቸ ነው፤ ዘር ከውጭ ለማስመጣት ግን አስቀድሞ የእጽዋት ኳራንቲን ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ደግሞም ተክሎት ትንኝ ጠፋልኝ ብሎ እንዳይተኛ። መርዙ በፍሬው ውስጥ ታሽጎ ስለሚኖር፣ አበባው በማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ዝንቡም ጢንዚዛውም እየመጣ ይቀመጥበታል፣ ብናኙን ተሸክሞም በደኅና ይሄዳል። ፍሬው የሚሠራው ደርቆ ሲፈጭ ነው። ሲፈጩትም አፍንጫን መሸፈን ይገባል፤ ዱቄቱ አንዳንዱን ሰው ያስነጥሰዋል፣ ቆዳውንም ያሳክከዋል።