ቅዳሜን በብስክሌት፦ ከናይሮቢ ወደ ሄልስ ጌት

ናይሮቢ ለምንኖር ቤተሰቦች ሽርሽር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሞምባሳ ነው፤ እሱ ግን ብዙ ቀንና ብዙ ብር ይፈልጋል። ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ ናይቫሻ አጠገብ ያለው የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ይበቃል። ርቀቱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በማታቱ ይደረሳል። ብስክሌት የሌለው በሩ አካባቢ ይከራያል፤ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ግን ፍሬኑንና ጎማውን ይሞክር።

በኬንያ ከመኪና ወርዶ በአራዊት መካከል መዘዋወር ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ይህ ነው። የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔና ከርከሮ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ ይታያሉ። ጎሽ ከታየ ግን ቆሞ ማሳለፍ እንጂ ፎቶ ለማንሳት መጠጋት አይገባም።

ከጎሹ ይልቅ የሚያስፈራው ሸለቆው ነው። ግድግዳው ገደል፣ መተላለፊያው ጠባብ በመሆኑ ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ ድንገት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ እኛ ካለንበት በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 እና በ2019 ጎብኚዎች በዚህ ጎርፍ ሞተዋል። ስለዚህ ወላጆች ከመውረዳቸው በፊት በዙሪያው ዘንቦ እንደሆነ የፓርኩን ጠባቂዎች ይጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ሸለቆውን ከላይ ሆኖ ማየት ነው፤ ልጆች «እዚህ ድረስ መጥተን!» ብለው ቢያኮርፉም።

ለስንቅ ውሃና በሶ ይያዝ። ኬክ በኮረኮንች መንገድ ፍርፋሪ ሆኖ ነው የሚደርሰው።