የወይዘሮ ስንዱ መድረክ እና የሴት ልጆቻችን ድምፅ

እስቲ ዛሬ ከራት በኋላ ልጆቻችሁን ወይም የልጅ ልጆቻችሁን «በአማርኛ የጻፉ አምስት ደራስያን ጥሩልኝ» በሏቸው። ሐዲስ ዓለማየሁን፣ በዓሉ ግርማን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ይጠሩ ይሆናል። ከአምስቱ አንዷ ሴት ከሆነች ልጆቻችሁ ጎበዞች ናቸው። እኔ በቤቴ ሞክሬው አንድም ሴት ሳትጠራ ቀርታለች። ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ላጫውታችሁ ያሰብሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው በሚስዮናውያን እጅ አድገው ውጭ አገር የተማሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ በተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ውስጥም የነበሩ ሰው ናቸው። የትምህርትን ጥቅም በራሳቸው ሕይወት ስላዩት ለወንድ ብቻ ነው አላሉም። ስንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከእህታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ።

አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበረ አያቶች ታውቁታላችሁ። ብዙዋ ልጅ በዚያ ዕድሜዋ የምትታጨው ለባል እንጂ ለትምህርት ቤት አልነበረም። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጅቡቲ ወርዶ መርከብ የሚይዘው በባቡር ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሄደ ሁሉ ማለት ይቻላል የእኛን ጣቢያ ረግጦ አልፏል። አሁን በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር፣ ልጁን ለማያውቀው አገር አደራ ብሎ የሸኘ ወላጅ ሆድ እንዴት እንደሚባባ አስባለሁ።

ስንዱ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረን። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ «ጥቁር አንበሳ» የሚባል የአርበኞች ማኅበር ተቋቋመ። አብዛኞቹ አባላቱ የተማሩ ወጣቶችና ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖች ነበሩ። ስንዱም ከነዚህ ጋር ተሰለፉ። በመጨረሻ ተይዘው፣ ጣሊያን ብዙ ኢትዮጵያውያንን ወዳጋዘችበት ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። አዚናራ በሰርዲኒያ ጫፍ ያለች ደሴት ናት። ለትምህርት በክብር ባሕር የተሻገረችው ልጅ፣ ዓሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሁለተኛ የተሻገረችው እስረኛ ሆና ነበር።

አገር ነፃ ሲወጣ ወይዘሮ ስንዱ ሥራ የጀመሩት በማስተማር ነው። በደሴ አገልግለው ወደ አዲስ አበባው እቴጌ መነን ትምህርት ቤት መጡ፤ የዚያ የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርም ሆኑ። መጻፋቸውን ያጠነከሩትም እዚያው ነው። ለተማሪዎቻቸው ሃያ ያህል ተውኔቶች ጽፈዋል። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘውን ሥራቸውን አሳተሙ። በአማርኛ የፈጠራ ሥራ ካሳተሙ ሴቶች ቀዳሚዋ ተብለው የሚጠሩትም በዚህ መጽሐፍ ነው።

አንድ ነገር አስሉልኝ። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከእሱ እስከ ወይዘሮ ስንዱ መጽሐፍ 42 ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናቶቻችን ተረት አላነሰባቸውም። ምድጃ ዳር ያላወጉት የለም፤ ሙሾው፣ የሠርግ ዘፈኑ፣ እሹሩሩው የማን ነው? የጠፋው ፊደሉና «የአንቺም ይታተማል» የሚላቸው ሰው ነበር።

እኔ ግን ከመጽሐፉም ይልቅ ተውኔቶቹ ላይ ቆየሁ። በዚያ ዘመን መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆኖ ቀሚስ ለብሶ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነበር። መነን ትምህርት ቤት ግን የሴቶች ነውና ተዋንያኑም ሴት ልጆች ናቸው። «አንገትሽን ድፊ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» ተብላ ያደገች ልጅ፣ ኋላ ወንበር ለተቀመጠው ሰው እስኪሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ይታያችሁ። ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አይደለም የምለው ሕይወቴን ሙሉ በነርስነት ስላገለገልሁ ነው። ሐኪም በሽታን የሚያውቀው መጀመሪያ በታማሚው አንደበት ነው፤ መቼ ጀመረሽ፣ የት ላይ ነው፣ ምን ሲሆን ይብስብሻል እየተባለ ይጠየቃል። አንድ ቀን አማት የወለደች ምራታቸውን ይዘው መጡ። ጥያቄውን ሁሉ የሚመልሱት አማት ናቸው፤ «ድካም ነው እንጂ ደህና ናት» ይላሉ። ልጅቱ ነጠላዋን ተከናንባ ዝም ብላለች። አማትን ካርድ እንዲያወጡ ላክሁና ጎንበስ ብዬ፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ንገሪኝ» አልኋት። ደሙ ሦስት ቀን ሙሉ እንዳላቋረጠ የነገረችኝ ያኔ ነው። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ገባች፤ ተረፈች። አማት ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስለ ሌላ ሰው መናገር ልማድ ሆኖባቸው ነው። ልጅቱም ስለ ራሷ መናገርን ማንም አላለማመዳትም።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም፣ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት በጊዜ ካልተነገረ ሰው ይገድላል። በድሬዳዋ ደግሞ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዷ በሶማልኛ ነው ሕመሟን የምታስረዳው። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን መናገር ያልለመደ አንደበት በጭንቅ ቀን አይፈታም። ወይዘሮ ስንዱ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ሲጽፉ ይህን አስበው ነው ልል አልችልም። እኔ ግን ትርፉን የማየው በዚህ በኩል ነው።

እሳቸውስ ድምፃቸውን ወዴት አደረሱት? በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በ1950 ዓ.ም. ሲመርጥ፣ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ። የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ፤ ቆይተውም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ በምዕራብ ጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ሁላችንም ልጃችንን ስዊዘርላንድ መላክ አንችልም። የምንችለው ግን አለ። የልጅ ልጅሽ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሐኪሙ የጠየቃትን እሷ ትመልስ፤ የረሳችውን ኋላ ትጨምሪላታለሽ። ትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ሲያዘጋጅ፣ ሴቶቹ ልጆች እንግዳ ከመቀበልና ቡና ከማፍላት አልፈው ጽፈው እንዲተውኑ በወላጅ ስብሰባ ላይ ጠይቁ። አያቶች ደግሞ ተረታችሁን ዝም ብላችሁ አታውሩት፤ ልጅቱ ደብተርና እርሳስ ይዛ ትቀመጥና እየሰማች ትጻፈው። በምታወሩበት ቋንቋ ይሁን። ስትጨርስ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ፤ ከሥሩም የሁለታችሁን ስምና ቀኑን ጻፉበት።