የተማሪ ቤቱን በር ማን ይጠብቅ?

አንባቢ ሆይ፤ የሰባት ዓመት ልጅዎን እጁን ይዘው ወደ ተማሪ ቤት እየወሰዱት ነው ብለው ያስቡ። ከበሩ ሲደርሱ ትናንት ያልነበረ ሰው ቆሞ ያገኛሉ። የወታደር ልብስ ለብሷል፤ ቁመናው ያማረ ነው፤ ለልጆቹም ፈገግ ይላል። ማን እንደ ላከው ቢጠይቁት ማንም አልላከውም፤ ደመወዝም አልጠየቀም፤ ልጆቹን ሊጠብቅ በገዛ ፈቃዱ መምጣቱን ይነግርዎታል። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ቢመርቁት ማን ይፈርድብዎታል?

ይህ የፈጠራ ታሪክ አይደለም። በዲሴምበር 2012 በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ሂውሰን በምትባል ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ከአንድ ተማሪ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያ አልያዘም፤ ነገር ግን የጦር ሜዳ ሰው እንደ ሆነ ተናግሯል። ወላጆች አመሰገኑት፤ ጋዜጠኞችም ፎቶግራፉን አነሡት። የዚህን ሰው ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ሰውየው ለምን እንደ ቆመ ልንገርዎ።

ጥያቄው ከወዴት መጣ?

በዲሴምበር 14 ቀን 2012 በኮኔክቲከት ግዛት፣ ኒውታውን በምትባል ከተማ፣ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ሳንዲ ሁክ ወደሚባል ተማሪ ቤት ጠመንጃ ይዞ ገባ። ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው 20 ሕፃናትና ስድስት ሠራተኞች ገደለ። አገሩ በሙሉ አለቀሰ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የአሜሪካ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር መሪ ዌይን ላፒየር በአደባባይ ቀርቦ፣ ክፉ ሰው ጠመንጃ ሲይዝ የሚያቆመው ጠመንጃ የያዘ ደግ ሰው ብቻ ነው ሲል ተናገረ። በየተማሪ ቤቱም የታጠቀ ጠባቂ እንዲቆም ጠየቀ።

በአሪዞና ግዛት የማሪኮፓ አውራጃ የፖሊስ ሹም፣ በእነርሱ አጠራር ሸሪፍ፣ ጆ አርፓዮ ብዙ አልቆየም። በጃንዋሪ 2013 «ጭፍራ» የሚባሉትን ታጣቂ ፈቃደኞቹን በመኪና እየዞሩ በብዙ ተማሪ ቤቶች ዙሪያ እንዲጠብቁ አሰማራቸው። በሚቀጥለውም ወር የሲኒማው ተዋናይ ስቲቨን ሲጋል ራሱ መጥቶ አሠለጠናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ፖሊስ ያልሆነ፣ ወታደርም ያልሆነ፣ ነገር ግን ጠመንጃና መልካም ፈቃድ ያለው ጎረቤት የልጆቻችንን ተማሪ ቤት ይጠብቅ ወይስ አይጠብቅ?

ይጠብቅ የሚሉት እውነት አላቸው

ይህን ሐሳብ ሰምቶ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ከመሳቅ በፊት ሦስት ቦታዎችን መመልከት ይገባል።

ፊተኛይቱ ሃሮልድ ናት። በቴክሳስ ገጠር የምትገኝ መንደር ናት፤ ተማሪዎቿ ወደ መቶ ይጠጋሉ፤ የሸሪፉ ጣቢያ ግን ሩቅ ነው። በ2007 የተማሪ ቤቱ ኃላፊዎች ከሠራተኞቻቸው መካከል የተመረጡት ሽጉጥ እንዲይዙ ወሰኑ። ጩኸቱ ተሰምቶ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ልጆቹን ማን ያድናቸዋል ብለው ነው።

ሁለተኛይቱ በሚሲሲፒ ግዛት የምትገኘው ፐርል ናት። በኦክቶበር 1997 አንድ ተማሪ ሁለት ተማሪዎችን ገድሎ ሲሄድ፣ ረዳት ዲሬክተሩ ከመኪናው ሽጉጡን አምጥቶ ያዘው፤ ፖሊስ እስኪደርስም አላስነቃነቀውም።

ሦስተኛይቱ ዩቫልዲ ናት፤ እርስዋም በቴክሳስ ናት። በሜይ 24 ቀን 2022 አንድ ወጣት 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን ገደለ። ወደ ተማሪ ቤቱ የመጡት የሕግ አስከባሪዎች ቁጥር 376 ደርሶ ነበር። ገዳዩ ያለበትን ክፍል ገብተው እስኪገድሉት ድረስ ግን 77 ደቂቃ አለፈ። ከክፍሉ ውስጥ ልጆች በስልክ ድረሱልን እያሉ ይለምኑ ነበር፤ ከግቢው ውጭ ደግሞ ወላጆች እናንተ ካልገባችሁ እኛ እንግባ እያሉ ከፖሊሶች ጋር ይታገሉ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ በዚህ ቦታ ግን ጅቡ ገና ሳይሄድ ውሻው ዝም አለ። ከእነዚያ አባቶች አንዱ በማግሥቱ ጠመንጃውን ይዞ ከበሩ ላይ ልቁም ቢል፣ አንባቢ ሆይ፣ በምን አፋችን እንከለክለዋለን?

ሆኖም ጠመንጃ መያዝ መጠበቅ አይደለም

አሁን ወደ ሂውሰኑ ሰው እንመለስ። ሰውየው በኢራቅና በአፍጋኒስታን ተዋግቻለሁ ብሎ ነበር። ጋዜጠኞች የጦሩን መዝገብ ሲጠይቁ ግን ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ አገልግሎ የወጣና ጦር ሜዳ ከቶ ያልተላከ ሰው ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ልቡ ንጹሕ ነበር፤ ለክፋት አልመጣም ይሆናል። ነገር ግን ያን ዕለት ልብሱን አይቶ ከማመን በቀር ማንነቱን ያጣራ አልነበረም። የአሪዞናውም ጭፍራ ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የከተማው ጋዜጠኞች መዝገብ ሲያገላብጡ ከፈቃደኞቹ መካከል ቀደም ሲል በወንጀል ተይዘው የነበሩ ሰዎች ተገኙ። ፈቃደኛ ነው ማለት ታማኝ ነው ማለት አይደለም፤ ታማኝ ነው ማለትም ሥራውን ያውቃል ማለት አይደለም።

ሥራው ደግሞ ከባድ ነው። ዒላማ መምታት አንድ ነገር ነው፤ ልጆች እየጮኹ በሚሮጡበት መተላለፊያ ላይ መተኰስ ሌላ ነገር ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ በየጊዜው የሚሠለጥን ጦር ነው። ከ1998 እስከ 2006 ያለው መዝገቡ ሲመረመር ግን፣ ፖሊሶቹ ከሚተኰስባቸው ሰው ጋር በተታኰሱ ጊዜ ካፈነዱት ጥይት ዒላማውን ያገኘው ከመቶ 18 ያህል ነበር። የቀረው ጥይት የት ሄደ? በመንገድ ላይ ከሆነ ግድግዳ ይመታ ይሆናል፤ በተማሪ ቤት ከሆነ ግን ከግድግዳው ጀርባ ሌላ ክፍል አለ።

ሌላም ችግር አለ። በ2021 በኮሎራዶ ግዛት፣ አርቫዳ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ፖሊስ ገደለ። በአጠገቡ የነበረ የታጠቀ መንገደኛ ገዳዩን በሽጉጥ ተኵሶ ጣለው፤ ብዙ ሕይወትም አዳነ። ከዚያ በኋላ የገዳዩን ጠመንጃ አንሥቶ ሳለ ሌላ ፖሊስ ደረሰ፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው አየና ተኰሰ፤ ያ ጀግና ሞተ። ደግና ክፉ በግንባር ላይ አልተጻፈም። የደንብ ልብስ፣ የጋራ ሬድዮና የጋራ አለቃ የሌለው ፈቃደኛ ሊረዱት ከሚመጡት ሰዎች ጥይት እንኳ አይድንም።

ጠብመንጃው ደግሞ ጠላት በሌለበትም ቀን ጥይት አለው። በማርች 13 ቀን 2018 በአንድ ቀን ብቻ ሁለት አደጋ ደረሰ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አንድ የተማሪ ቤት ፖሊስ በቢሮው ሳለ ሽጉጡ ባረቀበት፤ የተጎዳ አልነበረም። በካሊፎርኒያ ደግሞ የፖሊስ ተጠባባቂ የሆነ መምህር ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ሲያስተምር ጥይቱ ወደ ጣራ ሄደና ፍንጣሪው ተማሪ አቆሰለ። ሁለቱም የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ያልሠለጠነውማ እንዴት ይሆናል? በካንሳስ አብዛኞቹን ተማሪ ቤቶች ይዋስ የነበረ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ይህን አስቦ ነው በ2013 ሠራተኞቻቸውን የሚያስታጥቁትን አልዋስም ያለው።

የሚያስገርመውም ነገር ይህ ነው። የጠመንጃ ባለቤቶቹ ማኅበር ራሱ ነገሩን እንዲያጠና ያቋቋመው ቡድን በኤፕሪል 2013 ውጤቱን ሲያቀርብ፣ በፈቃደኞች የማስጠበቁን ሐሳብ ትቶት ነበር። የተማሪ ቤት ኃላፊዎቹ አልወደዱትም፤ ስለዚህ ከ40 እስከ 60 ሰዓት የሠለጠነ ሰው ይሁን አለ። ፍሎሪዳም በፓርክላንድ ከተማ 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ በ2018 ባወጣችው ሕግ መሣሪያ ለመያዝ የሚፈቅድ የተማሪ ቤት ሠራተኛ በሸሪፉ ሥር 144 ሰዓት እንዲሠለጥንና የአእምሮው ጤንነት እንዲመረመር አዘዘች። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው።

የሠለጠነውስ ይበቃል?

የሠለጠነ ዘበኛ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት ስሕተት ነው። በሴፕቴምበር 2024 በጆርጂያ ግዛት አንድ የ14 ዓመት ተማሪ ሁለት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ከገደለ በኋላ፣ የተማሪ ቤቱ ፖሊሶች ፈጥነው ደርሰው እጁን እንዲሰጥ አድርገውታል። ባይኖሩ ኖሮ ሟቹ ይበዛ ነበር።

ሆኖም በ1999 በኮሎራዶ በኮሎምባይን 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር ሲገደሉ የታጠቀ ፖሊስ ነበር፤ ተኰሰ፤ ሳተ። በፓርክላንድም የታጠቀ ፖሊስ ነበር፤ ከውጭ ቆሞ ቀረ። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከ1980 እስከ 2019 የደረሱ 133 አደጋዎችን መርምሮ፣ የታጠቀ ጠባቂ በነበረባቸው ተማሪ ቤቶች የሟቾች ቁጥር እንዳላነሰ፣ ይልቁንም በዝቶ እንደ ተገኘ አሳይቷል። ይህ ጠባቂው ሞት አመጣ ማለት አይደለም። ነገር ግን ሊሞት ቆርጦ የመጣ ሰው ጠመንጃ አይቶ እንደማይመለስ ያስተምራል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች የእስራኤልን ምሳሌ ያነሣሉ። በ1974 በማአሎት ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ እስራኤል በፖሊስ ሥር የሚታዘዝ የሕዝብ ዘብ አቋቋመች። ከጊዜ በኋላ ግን የተማሪ ቤቱ በር ደመወዝ ለሚከፈለው፣ ፈቃድና ሥልጠና ላለው ዘበኛ ተሰጠ፤ ከአገራችን ወደዚያ ከሄዱት አባቶችም በዘበኝነት ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ያ ዘበኛ የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣውን ጠላት ነው። በአሜሪካ ግን ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ተማሪ ቤት ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ፣ ዘበኛውን እንደምን አደርህ ብሎ የሚያልፍ ልጅ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ፕሬዚዳንቶችን የሚጠብቀው ሴክሬት ሰርቪስ የሚባለው መሥሪያ ቤት በ2002 ከ1974 እስከ 2000 የደረሱ 37 የተማሪ ቤት ጥቃቶችን አጥንቶ ነበር። ከአምስቱ በአራቱ፣ ልጁ ያሰበውን አስቀድሞ የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ነበር፤ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ ጓደኛው ወይም ወንድሙ ነው። ከሦስቱም በሁለቱ መሣሪያው የተገኘው ከገዛ ቤቱ ወይም ከዘመድ ቤት ነው።

በኖቬምበር 2021 በሚሺጋን ግዛት፣ ኦክስፎርድ በምትባል ከተማ የሆነውን እነሆ። አንድ የ15 ዓመት ተማሪ ሽጉጥና ደም ሥሎ፣ እርዱኝ ብሎ ጽፎ መምህርት አየችበት። ወላጆቹ ተጠሩ፤ መጡ፤ ልጁን ሳይወስዱት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቦርሳውን የከፈተ አልነበረም። አባቱ ከአራት ቀን በፊት የገዛለት ሽጉጥ በቦርሳው ውስጥ ነበረ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ አራት ተማሪዎች ሞቱ። በ2024 ፍርድ ቤቱ አባትና እናቱን በየፊናቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። ንገሩኝ እስቲ፤ በዚያ ቀን ከበሩ ላይ መቶ ፈቃደኞች ቢሰለፉ ምን ይጠቅሙ ነበር? ያስፈለገው ቦርሳውን የሚከፍት እጅ ነበር።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ከተማሪ ቤት መሣሪያ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የማለ፣ የሠለጠነ፣ አለቃ ያለውና ቢያጠፋ የሚጠየቅ ሰው ይያዘው። ፈቃደኛው ጎረቤት ግን ጠመንጃውን ከቤቱ ቆልፎ፣ ጥይቱን ለብቻ አስቀምጦ ይምጣ። ለእርሱ የሚሆን ሥራ ሞልቷል፤ ብቻውን የሚቀመጠውን ልጅ ማነጋገር፣ የሚፎክረውን ልጅ አለመናቅ፣ የሰሙትንም ለሚመለከተው በጊዜ መናገር። ልጆቻቸውን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚያስተምሩ ዘመዶች ያሏችሁም፣ በምትጽፉላቸው ጊዜ ልጃቸው የሚጫወትበት ቤት ጠመንጃ እንዳለና እንደ ተቆለፈ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ንገሯቸው።

በመጨረሻ ስለ አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ልንገርዎ። በኦገስት 20 ቀን 2013 በጆርጂያ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዲካልብ አውራጃ፣ አንድ ወጣት የጦር ሜዳ ጠመንጃና ወደ 500 የሚጠጋ ጥይት ይዞ ከ800 በላይ ሕፃናት ወዳሉበት ተማሪ ቤት ገባ። ከቢሮው ያገኛት አንቶኔት ተፍ የምትባል የሒሳብ ጸሐፊ ነበረች። መሣሪያ አልነበራትም። ስልኩን ከፖሊስ ጋር እንደ ከፈተች ወጣቱን ታናግረው ጀመር። ባልዋ እንደ ተለያት፣ ልጅዋ አካለ ስንኩል እንደ ሆነ፣ እርስዋም ተስፋ ቆርጣ እንደ ነበር ነገረችው፤ እንደምትወደውም ነገረችው። ወጣቱ ጠመንጃውን አስቀምጦ ከመሬት ተኛ፤ ፖሊስ ገብቶ ያዘው። ከሕፃናቱ አንድም አልቆሰለም።

ሁሉም ቀን እንዲህ አይሆንም፤ ሁሉም ገዳይ አይሰማም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ነገ ጠዋት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ወይም ከአንድ ክፍል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከጎንዎ የሚቀመጠውን ሰው ያውቁታልን?