የድምፅ ማከፋፈያው ሣጥን፤ «ስንት ዋት ነው?» የማይባልለት ዕቃ

ታኅሣሥ 29 ቀን ጠዋት በላሊበላ ቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ከማሜ ጋራ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከቅጽሩ ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ፣ ድምፁን የሚፈልገው በሥፍራው የተገኘው ምዕመን ብቻ አይደለም። በቀጥታ የሚያስተላልፈው የቴሌቪዥን ጣቢያ ይፈልገዋል። ሬዲዮው ይፈልገዋል። ቀድቶ የሚያስቀረው ይፈልገዋል። ቦታ ጠቦት ከሩቅ ለቆመው ሕዝብ የተሰቀሉት ስፒከሮችም ያንኑ ይሻሉ። ሁሉም የየራሱን ማይክሮፎን ይትከል ቢባል ቅጽሩ ለካህናቱ እንኳ መቆሚያ አይተርፈውም። ስለዚህ ማይክሮፎኖቹ ወደ አንድ ሚክሰር ይገባሉ፤ ከሚክሰሩ የሚወጣው አንድ መስመር ለአምስትና ለስድስት ጠያቂ መዳረስ ይኖርበታል። ይህን ሥራ የሚሠራው ዲጂታል የድምፅ ማከፋፈያ አምፕሊፋየር የሚባለው፣ በራክ ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ሣጥን ነው።

«አምፕሊፋየር» የሚለው ስም ገበያውን ሳያሳስት አልቀረም። መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ አምፕሊፋየር ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ይህ ዕቃ ግን ስፒከር አይነዳም። ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ሥራው አንድ ዲጂታል መስመር ተቀብሎ፣ በመንገድ የደከመውን አጽድቶና ጊዜውን አስተካክሎ፣ ያንኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ በአራት፣ በስድስት ወይም በስምንት መውጫ ማደል ነው። የተበላሸ ድምፅ ከገባበት የተበላሸውን በስምንት አባዝቶ ይሰጣል። ገዢው መጠየቅ ያለበት ዋቱን ሳይሆን የመውጫውን ቁጥርና ዓይነት ነው።

ሽቦ ሰንጥቆ ማካፈል ለምን አይበቃም?

ይህ ጥያቄ ከነጋዴውም ከገዢውም ይነሣል፤ ተገቢም ነው። በአናሎግ ዘመን ቴክኒሻኑ አንዱን ሽቦ ሰንጥቆ ለሁለት፣ ሲቸግረውም ለሦስት ያስረው ነበር። ድምፁ ትንሽ ቢደክም ወይም ትንሽ «እምም» ቢል ሥራው አይቆምም። የዲጂታል ጠባይ ሌላ ነው። ሁለት ቻናል ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ በአንድ ሽቦ ሲላክ በሰከንድ ከ3 ሚሊዮን በላይ ቢት ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ላኪው፣ ሽቦውና ተቀባዩ እኩል ኦም ካልሆኑ የተላከው እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣና ቀጥሎ ከሚላከው ጋር ይጋጫል።

በስቱዲዮና በብሮድካስት ዕቃዎች ላይ «ኤኢኤስ/ኢቢዩ» ተብሎ የሚጻፈው ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ አንድ ላኪ እስከ አራት ተቀባይ እንዲያገለግል ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሻሻል ግን ግንኙነቱ አንድ ለአንድ፣ ሁሉም 110 ኦም እንዲሆን ተወሰነ። ለማከፋፈያው ሣጥን ገበያ ያበጀለትም ይኸው ነው። ሁለት ተቀባይ በአንድ ሽቦ ላይ ከታሰሩ 110 የነበረው 55 ይሆናል። ያኔ መሣሪያው ሊሠራ ይችላል፤ አደጋውም ያለው በዚያ ላይ ነው። ማታ ሲሞከር ደህና የነበረው መስመር፣ ጠዋት አንድ ጣቢያ መጥቶ የራሱን ሽቦ ሲጨምርበት ጥቂት ይንጣጣና ድንገት ጸጥ ይላል። አናሎግ ሲደክም ያስጠነቅቃል፤ ዲጂታል እስኪወድቅ ድረስ ፍጹም ይመስላል።

በማከፋፈያው ግን እያንዳንዱ መውጫ የራሱ ነጂ አለው። አንዱ ጣቢያ ሽቦውን ቢነቅል፣ ቢያጋጭ ወይም በተሳሳተ መሣሪያ ላይ ቢሰካ ሌሎቹ አይሰሙትም። ለባለ ሥራው ዋስትናው ይህ ነው።

በላስታ ሲተከል

ራክ የሚባለው የብረት መደርደሪያ ስፋቱ በዓለም ሁሉ 19 ኢንች ወይም 482.6 ሚሊ ሜትር ነው። ማከፋፈያው ብዙ ጊዜ አንድ ዩኒት፣ ማለትም 44.45 ሚሊ ሜትር ቁመት ብቻ ይይዛል። ከፊት በአራት ብሎን ይታሰራል፤ ከኋላ ደግሞ የኬብሎቹ ክብደት በሶኬቱ ላይ እንዳይንጠለጠል መደገፊያ ብረት ይደረግለታል። የኃይል ገመድ በአንድ ወገን፣ የድምፅ ኬብል በሌላው ወገን ይወርዳል። ሙቀት የሚያወጣው የስፒከር አምፕሊፋየር በዚያው ራክ ውስጥ ካለ፣ ማከፋፈያው ከእሱ በላይ ሳይሆን በታች ይቀመጣል። እስከዚህ ድረስ ላሊበላም ሆነ ሐዋሳ አንድ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከፍታ ላይ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ ያው ማራገቢያ፣ ያንኑ ያህል እየዞረ፣ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ቀዝቃዛው የላስታ ሌሊት ሊያዘናጋ ይችላል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ዕቃ ግን የሚቀዘቅዘው በሚያልፍበት አየር መጠን ነው። ስለዚህ ከማከፋፈያው በላይ ቢያንስ አንድ ዩኒት ክፍት መተው ይገባል።

ከዚህ የሚብሰው ብዙ አስመጪዎች ልብ የማይሉት ጽሑፍ ነው። ከቻይና በሚመጡ አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ጀርባ ላይ፣ ዕቃው ከ2,000 ሜትር በታች ላሉ ቦታዎች ብቻ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይለጠፋል። ሳስቶ ያለ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙም ስለሚቀንስ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚሠራ ዕቃ በኃይል ሰጪው ክፍል ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ሰፋ ማለት ይኖርባቸዋል። ምልክቱ ያለበት ዕቃ ላሊበላ ሲደርስ ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም፤ አምራቹ ግን ኃላፊነቱን 2,000 ሜትር ላይ አውርዶታል። አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ መስመር በላይ ስለሆነች ነገሩ የላስታ ብቻ አይደለም። አስመጪው ፕሮፎርማ ሲጠይቅ «እስከ 3,000 ሜትር ይሠራል ወይ?» ብሎ በጽሑፍ መልስ ቢያገኝ በኋላ ከሚነሣ ክርክር ይድናል።

ጄኔሬተሩም ከከፍታው አያመልጥም። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከአቅሙ ሩብ ያህሉን ያጣል። 5 ኪሎ ዋት ተብሎ የተገዛው 4 እንኳ ላይሞላ ይችላል። የስፒከር አምፕሊፋየሮች፣ መብራትና ሚክሰር በአንድ ጄኔሬተር ላይ ሲደረደሩ ከበሮው በደለቀ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። ማከፋፈያው ራሱ የሚበላው ኃይል ከአንድ አምፖል የማይበልጥ ስለሆነ በትንሽ ዩፒኤስ ለብቻው መያዝ ይቻላል። ሚክሰሩም አብሮ መያዝ አለበት። ዲጂታል ሚክሰር ለግማሽ ሰከንድ መብራት ቢቋረጥበት እንደገና እስኪነሣ ብዙ ሰከንዶች፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ያ ጊዜ በቤዛ ኩሉ መካከል ከወደቀ የሚመልሰው የለም።

አርዙም ችግር አለበት። ዐለት በሆነ መሬት የአርዝ ዘንግ እንደ ልብ አይገባም። የየጣቢያው መኪና በየራሱ ጄኔሬተር ስለሚሠራ በመኪናዎቹ አርዝ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። በሽቦ ሲገናኙ ልዩነቱ በድምፅ ኬብሉ በኩል ይፈሳል። መድኃኒቱ መውጫዎቹ በትራንስፎርመር የተለዩ ማከፋፈያ መግዛት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለእንዲህ ያለ ቦታ ግን በዚህ ላይ መቆጠብ ያስቆጫል።

የኬብል ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። የማይክሮፎን ኬብልና የ110 ኦም ዲጂታል ኬብል በጫፋቸው አንድ ዓይነት የኤክስኤልአር ሶኬት ስለሚይዙ እንደ አንድ ዕቃ ይሸጣሉ። ለአምስት ሜትር ልዩነቱ አይታወቅም፤ ለሰማንያ ሜትር ይታወቃል። ተገቢው ኬብል ከታጣ በየከተማው የሚገኘው የኮምፒውተር ኔትወርክ ሽቦ 100 ኦም ስለሆነ ከማይክሮፎን ኬብል ይሻላል። ከ100 ሜትር በላይ ለሚሄድ መስመር ደግሞ የቢኤንሲ መውጫ ያለውና በ75 ኦም ኮአክሲያል ኬብል የሚሠራው ዓይነት ይመረጣል፤ በጥሩ ኬብል እስከ 1,000 ሜትር የመድረስ ዕድል አለው። የገና ማስተላለፊያ መኪናዎች ከቅጽሩ ርቀው ለመቆም ስለሚገደዱ በላሊበላ ይኸኛው ሳያስፈልግ አይቀርም።

ዐለቱ ላይ ግን ምስማር አይመታም። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሲሆኑ፣ በአገር ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠበቃሉ። ኬብል የሚዘረጋው በካህናቱና በቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ሳይቸነከር፣ በእግር ከማይረገጥ በኩል ነው። ይህን ሳያጣራ ዋጋ የሰጠ ተቋራጭ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

አሠራሩ

ማከፋፈያው ከተተከለ በኋላ ብዙ የሚነካ ነገር የለውም። ከፊቱ ሁለት መብራት አለው፤ አንዱ ኃይል መግባቱን፣ ሌላው የሚገባውን ዲጂታል ድምፅ መያዙን ያሳያል። ሁለተኛው ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱ ከሚክሰሩ ወይም ወደ ሣጥኑ ከሚገባው ኬብል ነው፤ መውጫዎቹን መነካካት አያስፈልግም። መግቢያው ላይ ወደ ሌላ ሣጥን የሚቀጥል መስመር ከሌለ የመዝጊያ ማብሪያው «ኦን» ላይ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ነው። ሚክሰሩ በ44.1 ኪሎ ኸርዝ እየላከ አንዱ ጣቢያ 48 ካልሆነ አልቀበልም ቢል ማከፋፈያው አያስታርቃቸውም፤ ስለዚህ ሁሉም በ48 እንዲሠራ አስቀድሞ መስማማት ይበጃል።

ፍተሻው በረጅሙ ኬብል ይጀመራል። ሁሉም ከተሰካ በኋላ አንዱ እየተነቀለ ሌሎቹ መንጣጣት አለማሳየታቸው ይደመጣል። ቀጥሎ ጄኔሬተሩ ይጠፋና ይነሣል። ይህ ሁሉ ከዋዜማው በፊት ማለቅ አለበት፤ በዋዜማው ሕዝቡ ከሞላ ሽቦ መከተል ቀርቶ ማለፍም አይቻልም። እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፍ በአማርኛ ይጻፍበታል።

ንግዱ የቱ ላይ ነው?

ሣጥኑን አስመጥቶ መደርደሪያ ላይ መኮልኮል አዋጪ አይመስልም። ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ካፒታሉም ታስሮ ይቀመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍተኛ ቅናሽ ካሳየ ወዲህ፣ ዋጋ የሚሰጥ ሁሉ ፕሮፎርማው የሚጸናበትን ቀን ማስፈሩ ግድ ሆኗል።

የተሻለው ኪራይና ተከላ ነው። የበዓላቱ ቀን መቁጠሪያ ለኪራይ የተመቸ ነው። መስከረም 16 ደመራ፣ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ፣ ጥር 11 ጥምቀት በጎንደርና በጃን ሜዳ ይውላሉ። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ስላለ ያው ራክ ከላሊበላ ወርዶ ጎንደር ለመድረስ ይበቃዋል። ለዚህ አንድ ሣጥን አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በመኪና ሁለት ቀን ከሚወስድ ቦታ ላይ፣ ታኅሣሥ 28 ማታ የተበላሸ ዕቃ ምትኩ በቦታው ከሌለ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው። ኪራዩ ሲተመን የመጠባበቂያው ዋጋ አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ሥጋቱም አብሮ ይታሰባል። በጦርነቱ ጊዜ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እጅ ስትለዋወጥ ከቱሪስት የሚኖረው ከተሜ ገቢው ተቋርጦ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ሲነሣ በረራው ጭምር ለጊዜው ቆሟል። ከወልድያ በጋሸና የሚወጣው መንገድ በበዓሉ ሰሞን ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጥ ዕቃ የሚጭን አከራይ፣ በውሉ ላይ ስለ መንገድ መዘጋት አንድ አንቀጽ ማስገባት አለበት።

የላሊበላ ሆቴል ባለቤቶች ደግሞ ይህን ዕቃ ለመግዛት ባይቸኩሉ ይሻላቸዋል። አንድ አዳራሽና ጥቂት የኮሪደር ስፒከር ላለው ሆቴል የአናሎግ ማከፋፈያ በጣም ባነሰ ዋጋ ሥራውን ይሸፍናል፤ የሚጠግነውም በቅርብ ይገኛል። አዲስ አዳራሽ የሚሠራ ባለሀብት ደግሞ ከሁለቱም ፊት ሦስተኛውን ማየት አለበት። ድምፅን በኮምፒውተር ኔትወርክ የሚያከፋፍሉት እንደ ዳንቴ ያሉ ዘዴዎች በገበያ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤኢኤስ 67 የሚባለው ስታንዳርድም የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች እንዲግባቡ መንገድ ከፍቷል። በእነዚህ አንድ የኔትወርክ ስዊች የማከፋፈያውን ቦታ ይይዛል። ስዊቹን በትክክል አስተካክሎ የሚያስነሣ ባለሙያ ግን በበዓሉ ጠዋት በቦታው መገኘት አለበት፤ ሣጥኑን ለመሰካት ኬብሉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል።