ማንም ሳያንኳኳ የሚጣራው በረኛ

በከተሞቻችን «የሳምባ ነቀርሳ» የሚለው ስም ለሁለት ሕመሞች ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው በሳል የሚተላለፈው ቲቢ ነው፤ ሁለተኛው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈው ካንሰር ነው። ስሙ በመደባለቁ የካንሰር ሕመምተኛ የሚበላበት ዕቃ ተለይቶ፣ ጎረቤትም ሸሽቶት የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ይህ እጅግ ያሳዝነናል። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ነው።

የሰውነታችን ሕዋሳት በዘፈቀደ አይባዙም። በሕዋሱ ገለፈት ላይ እንደ በረኛ የቆሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሊቃውንት «ተቀባዮች» ይሏቸዋል። የእድገት መልእክተኛ ከውጭ መጥቶ ሲነካቸው ወሬውን በውስጥ ላሉት ፕሮቲኖች ያቀብላሉ፤ እነዚያም እየተቀባበሉ እስከ አስኳሉ ያደርሱታል፤ ሕዋሱም ይከፈላል። መልእክተኛው ሲሄድ በረኛው ዝም ይላል። ከነዚህ መልእክተኞች አንዱን ያገኙት አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። የዚሁ መልእክተኛ ተቀባይ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ይባላል።

በአንዳንድ የሳምባ ካንሰር የተበላሸው ይህ በረኛ ነው። በዘር ጽሑፉ ውስጥ ጥቂት ፊደላት ይጎድላሉ ወይም አንዱ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያንኳኳ «እንግዳ መጣ» እያለ ሌት ተቀን ይጣራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይህ ስሕተት በታወቀ ጊዜ፣ ጌፊቲኒብ የተባለው ኪኒን ጥቂቶችን ብቻ አጥብቆ የሚረዳበት ምክንያት ተገለጠ፤ ኪኒኑ የዚህን በረኛ አፍ የሚዘጋ ነውና። ዳሩ ግን ዕጢው ተንኰለኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ፊደል ለውጦ ያመልጣል። ዋናውን ማምለጫ የሚከለክለው ኦሲመርቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ተፈቀደ። እነዚህ መድኃኒቶች ዕድሜ ይጨምራሉ፤ የተሠራጨውን ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈጽመው አያጠፉም።

«እኔ ትምባሆ አላጨስም» የሚለን አንባቢ ይኖራል። አብዛኛው የሳምባ ካንሰር ከትምባሆ መምጣቱ እውነት ነው፤ ይህ የተቀባይ ብልሽት ግን ይበልጥ የሚገኘው አጭሰው በማያውቁ ሕመምተኞች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ የተበላሸው ሕዋስ በጤነኛ ሳምባ ውስጥም ተኝቶ ሊኖር እንደሚችል አሳየ። በአይጦች ላይ እንደ ታየው፣ የጭስና የአየር ደቃቅ ብናኝ ሳምባውን ሲያስቆጣው ኢንተርሊውኪን-1 ቤታ የሚባል ሌላ መልእክተኛ ይነሣል፤ የተኛውንም ይቀሰቅሰዋል።

ስለዚህ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ አክታው ደም የቀላቀለ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ የሕመሙን ስም ሳትገምቱ ለአክታ ምርመራና ለራጅ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ንገሩልን።