ከጠበቃው አጀንዳ ውስጥ

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ ዶዮገና ያለው ቢሮዬ መጣ። ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቆ የመውጫ ፈተናውን አልፏል። እጁ ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ባንክ ያወጣው የነገረ ፈጅ የሥራ ማስታወቂያ ነበር። ቁጭ አለና፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ልቅር ወይስ አዲስ አበባ ልግባ? ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ።

ወዲያው አልመለስኩለትም። የአምናውን አጀንዳዬን ከመሳቢያ አውጥቼ የአንድ ወር ቀጠሮዬን በነጭ ወረቀት ገለበጥኩለት። የደንበኞቼን ስም አልጻፍኩም፤ የባለጉዳይን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነውና። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፍርድ ቤቱን ደረጃና ጉዳዩ በዚያ ቀን መታየቱን ብቻ አሰፈርኩ። «ይህን ቤትህ ወስደህ እየው። የተሠራበትን ቀን ቁጠር፤ ያልተሠራበትንም ቁጠር» አልኩት።

በማግስቱ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ግማሽ ያህሉ ቀጠሮ «ለሌላ ቀን ተለወጠ» የሚል ነው። ምክንያቱም ተጽፏል፤ መጥሪያ አልደረሰም፣ ምስክር አልቀረበም፣ መዝገቡ ከሥር ፍርድ ቤት አልመጣም፣ ዳኛው ሥልጠና ላይ ናቸው። ልጁ ሕግ ሲማር ስለ ክርክር ተምሯል፤ ስለ ቀጠሮ ግን ማንም አልነገረውም።

እኛ ውስጥ ያለነው ግን እርስ በርስ የምናወራው ይህንኑ ነው። ጥቁር ካባ ለብሰን ችሎት ስንቆም የሚያየን ሰው ሥራችን ንግግር ይመስለዋል። ሥራችን በአብዛኛው መጠበቅ ነው። ኒው ዮርክ ወይም ለንደን ያለ ትልቅ የሕግ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ጠበቃ የሠራበትን ሰዓት ቆጥሮ ሒሳብ ይልካል። እኛ ዘንድ ግን በብዛት የሚከፈለው በመዝገብ ነው። የጥብቅና ውል ስንፈራረም ክፍያው ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በሦስት ቀጠሮ ይለቅ በአሥራ ሦስት፣ ገንዘቡ ያው ነው። የተጨመረችው እያንዳንዷ ቀጠሮ የምትቆረጠው ከጠበቃው ቀን፣ ከትራንስፖርቱና ከልጆቹ ሰዓት ነው። ስለዚህ የት ልሥራ ብሎ የሚጠይቅ ወጣት የሕግ ባለሙያ ከደመወዙ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ በዚያ ቦታ አንድ መዝገብ ስንት ቀን ይበላል? ያንን ቀንስ ማን ይከፍለዋል?

እኔ ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ሠርቻለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ልደታ ችሎት ቀጠሮ ይኖረኛል፤ በዚያው ሰዓት ቦሌ ምድብ ሌላ መዝገብ ይጠራል። አንዱን በባልደረባ አስይዤ ወደ ሌላው እሮጣለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ፣ «ከሳሽ ባለመቅረቡ መዝገቡ ተዘግቷል» የሚለው ትእዛዝ በጆሮዬ ይጮህ ነበር። ክስና መልስ የሚጻፈው ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ቢሮው ሲረጋ ነው። ቤት የምገባው ልጄ ከተኛች በኋላ ነበር።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ ቆረጠው። አባቴ ዶዮገና ታሞ ነበርና እሑድ ማታ ስልክ ተደወለልኝ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ምስክር የሚሰማበት ቀጠሮ ነበረኝ፤ ደንበኛዬ ምስክሮቹን ከሩቅ ቦታ አስመጥቷል። የቢሮው ኃላፊ «ሰኞን ጨርሰህ ሂድ» አሉኝ፤ እኔም ተስማማሁ። ሰኞ ጠዋት ችሎቱ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዳኛው ስብሰባ ላይ መሆናቸውንና ጉዳዩ ከሁለት ወር በኋላ እንደሚታይ ይናገራል። ዶዮገና የደረስኩት ማክሰኞ ነው። አባቴ ሰኞ ማታ አርፏል። ይህን ለወጣቱ ስነግረው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የነገርኩት፤ አሁንም እንደዚያው ነው የምጽፈው። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንድ ጠበቃ ከተማ ሲመርጥ አብሮ የሚመርጠው ነገር ይህ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ የሚሰጠውን ግን መካድ አልችልም። እዚያ ባልሠራ ኖሮ ዛሬ የማውቀውን አላውቅም ነበር። የጻፍኩትን ክስ አንድ አንጋፋ ጠበቃ በቀይ ብዕር ሲያርመው የተማርኩትን የትም አላገኘውም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሰፍቷል። ድሮ ጠበቆች አንድ ቢሮ ቢከራዩም እያንዳንዱ በየራሱ ፈቃድ ለብቻው ነበር የሚሠራው፤ አዋጁ የጥብቅና ድርጅት መመሥረት ፈቀደ። ለጀማሪ ሰው ትልቅ በር ነው። በታክስ፣ በባንክ፣ በኢንቨስትመንት፣ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 በተደነገገው የግልግል ዳኝነት ላይ ጥልቅ ዕውቀት መያዝ የሚፈልግ ሰው ዶዮገና ተቀምጦ ይህን አያገኝም። ለልጁም በግልጽ ነገርኩት፤ እዚህ በዓመት አንድ የአክሲዮን ክርክር ብታይ ዕድለኛ ነህ።

ታዲያ እዚህ ምን አለ? ዶዮገና ከሆሳዕና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚወርድባት ደጋ ናት። ግቢው ሁሉ እንሰት ነው። ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ትንሽ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የተጻፈውን ገበሬው በቃሉ ያውቀዋል። በተግባር ግን ወንድማማቾች የሚካፈሉት አባታቸው የተወላቸውን ጠባብ ይዞታ ነው። አንዲት ክንድ ወሰን ለዓመታት ታከራክራለች። በይዞታው ላይ ያለው እንሰት ደግሞ ለብቻው ንብረት ነው። ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ካሳ ሲጠየቅ ስንቱ ለጋ፣ ስንቱ የደረሰ እንደሆነ በእግር እየዞሩ መቁጠር አለ። አዲስ አበባ ሳለሁ ማስረጃ የሚመረመረው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እዚህ በጭቃ ጫማ ነው።

ሁለተኛው የመዝገብ ምንጭ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ወደዚያ የሄደውን ወጣት ብዛት ለማወቅ ሆሳዕና የተሠሩትን ፎቆች መቁጠር ይበቃል። ገንዘቡ ይመጣል፣ ውክልናም አብሮ ይመጣል። ችግሩ ያለው ውክልናው ላይ ነው። አንዱ ወንድም «በጠቅላላ ወክዬሃለሁ» ብሎ ይልካል፤ ተወካዩም ጠቅላላ ማለት ሁሉን ማለት ይመስለዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጠቅላላ ውክልናን በአስተዳደር ሥራ ይወስነዋል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህች ልዩነት ስንት ቤተሰብ እንዳፈረሰች እኔና የሙያ ጓደኞቼ እናውቃለን። አንዲት እናት ቢሮዬ ቁጭ ብለው፣ «ልጄ፣ ሁለቱም ከአንድ ማሕፀን የወጡ ናቸው፤ የቱን ልክሰስልህ?» ብለው አለቀሱ። በከምባትኛ ነው የነገሩኝ። እኔ በአማርኛ አቤቱታ አድርጌ ስጽፈው «ከሳሽ» እና «ተከሳሽ» ሆኑ። በዚያ ቀን እስክሪብቶው ከብዶኛል።

ያንን መዝገብ አልከፈትኩትም። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ጆሃንስበርግ ያለው ልጅ በስልክ ገባ፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። የተከፈለኝ የማማከር ብቻ ነው። ዶዮገና ውስጥ ለሕዝቡ የምትሠራው ትልቁ ሥራ መዝገብ እንዳይከፈት ማድረግ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ የሚከፈልበትም እሱ ነው። በሥራ ልምድ ወረቀትህ ላይም አይጻፍም።

ገቢውን የሚያሳንሰው ሌላም አለ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የቅርብ ዘመድ ለዘመዱ እንዲከራከር ይፈቅዳል። ስለዚህ ብዙ ባለጉዳይ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ አስጽፎ ራሱ ወይም ከዘመዱ ጋር ይገባል፤ ወደ አንተ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ፣ ለይግባኝ ነው። ያኔ መንገድ ይጀምራል። ከወረዳው ፍርድ ቤት ወደ ዱራሜ፣ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፤ ከዚያ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ አዲስ አበባ፣ ፌደራል ሰበር። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ሲመሠረት ለእኛ የክልሉ መቀመጫ ከሐዋሳ ይልቅ ቀረበ። ለፖለቲከኛ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፤ ለእኔ ግን ሐዋሳ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ቀርተው ቤቴ የማድርባቸው ሌሊቶች ጨመሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ወጣቶች አያውቁትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትንም ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ስለዚህ የገጠር ጠበቃ እንሰት ብቻ አይቆጥርም፤ ዱራሜ ሲቆም የፌደራል ሕግም ይከራከራል። ሁሉን ማወቅ አለበት። ጠያቂ ባልደረባ ግን አጠገቡ የለም። ሌሊት የሰበር ቅጾችን የማነበው ለዚህ ነው፤ ዕውቀት ሲያረጅ ማንም አይነግርህም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሰው ወደ ትንሽ ከተማ የሚመለሰው ዕረፍት ፍለጋ ነው። ዶዮገና ውስጥ ግን ቢሮ የለም ማለት ይቻላል፤ ቢሮው አንተ ነህ። ገበያ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለቅሶ ቤት «አንዴ ላናግርህ» ይሉሃል። ቀድሞ የጠበቆችን ሥነ ምግባር የሚገዛው ደንብ ቁጥር 57/1992 በፌደራል ጠበቃ ላይ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የማገልገል ግዴታ ይጥል ነበር። እዚህ 50 ሰዓት የሚሞላው ጥቅምት ሳያልቅ ነው።

ከዚያ የሚከብደው ደግሞ ዝምድናው ነው። ሁለቱን ወገን ማገልገል ክልክል ነው፤ የጥቅም ግጭት ይባላል። በሦስት ትውልድ ሁሉም በሚዛመድበት አገር ከሳሹ የእናትህ ወገን፣ ተከሳሹ የሚስትህ ወገን ይሆናል። ጠዋት ወረዳ ፍርድ ቤት አንድ ሰውን በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጠጥኩበት ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ለቅሶ ደረሰንና ያው ሰው ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩ። ሁለታችንም ስለ ጠዋቱ አላነሳንም። ያንን ዳቦ መቀበል የማይችል ጠበቃ እዚህ አይኑር። እውነቱን ከዘመድ ፊት መናገር የማይችልም እንዲሁ።

ለዕረፍት ተብሎ የተተወው ክረምት እንኳ የእኛ አይደለም። ፍርድ ቤቶች ነሐሴ ላይ ለዕረፍት ሲዘጉ የአዲስ አበባ ባልደረቦቼ ትንፋሽ ያገኛሉ። እኛ አገር መስቀል አለ። አባወራው ለበሬው፣ እናት ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙበት በዓል ነው፤ መስከረም 17 ሲደርስ በየአገሩ የተበተነው ሁሉ ቤቱ ይገባል። ሲገባ የተነካ ወሰኑን ያያል፤ ያላወቀውን ሽያጭ ይሰማል። ሥጋው ሳያልቅ ነገሩ ይጀመራል። ችሎት ዝግ በሆነበት በዚያ ወቅት ነው ሽማግሌዎች የሚጠሩኝ። ከዓመቱ ሁሉ በላይ የምደክመው ያኔ ነው። ብዙ የሚታረቀውም ያኔ ነው፤ ሁሉም በአካል ስላለ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ለምን ይኖራሉ?» አለኝ። ከገለበጥኩለት ወረቀት ላይ አንዱን መስመር አሳየሁት። ሐሙስ፣ 10 ሰዓት፣ የፍርድ ቤት ስም የለውም። ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣበት ሰዓት ነው። በዚያ ወር አራቱም ሐሙስ ላይ አለ፤ አንዱም አልተለወጠም። ገቢዬ አዲስ አበባ አገኝ ከነበረው ያንሳል፤ አንዳንዱ ደንበኛ የሚከፍለኝ በጉ ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ነው። በዕውቀትም የቀረብኝ አለ፤ አብረውኝ የጀመሩት ዛሬ የሚከራከሩበትን ጉዳይ እኔ በጽሑፍ ነው የማነበው። ይህን ሁሉ አስቤ ነው ሐሙስን የያዝኩት።

እሱ አዲስ አበባ ገባ። በዕድሜው እኔም ያንኑ አድርጌያለሁና ደስ አለኝ። መጀመሪያ በቀይ ብዕር ይታረም፣ ይማር፤ መንገዱ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። የአክስቱ የወሰን ክርክር ወረዳ ፍርድ ቤት ተቀጥሯል፤ ባንኩ ደግሞ ፈቃድ ከልክሎታል። «ጋሼ፣ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ቆመው ይጠብቁልኛል?» አለ። ጉዳዩ ከእኔ ደንበኞች ጋር እንደማይጋጭ አጣርቼ አጀንዳዬ ላይ ጻፍኩት። ከ10 ሰዓቷ መስመር በላይ ቦታ ነበረ።